እንጀራው ያው፣ መሶቡ በዛ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መረጥኩ። ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። አንዱ የአዲስ ክልል፣ አንዱ የድሮ ጠቅላይ ግዛት፣ አንዱ የወረዳ ጉዳይ ነው። አምዱን ዛሬ ገና ለምታነቡ፦ 26 ዓመት በደቡብ ዞኖችና ወረዳዎች በጀት ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኑሮዬ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ካልኩሌተሬ አሁንም ከቦርሳዬ አልወጣችም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። የምትሠራው የቀድሞው ደቡብ ክልል ሲከፈል ከተፈጠሩት ክልሎች በአንዱ፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ክልሉ የተመሠረተ ዕለት ደውላልኝ ነበር። ከጭፈራው ብዛት ድምፅዋ በደንብ አይሰማም። «አሁን እኛም ሰው ሆንን» አለችኝ። አሁን ግን ደመወዟ በወሩ አይገባም። አንዳንዴ ግማሹ ብቻ ይገባል። ብር የምልክላት እኔ ነኝ፤ እኔም ስቴሽነሪ ውስጥ ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ። እውነቱን ይንገሩኝ። አዲስ ክልል የሚጠቅመው ሕዝቡን ነው ወይስ ወንበር ፈላጊውን?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም ይጠቅማል። ወንበር ፈላጊው ግን ጥቅሙን ቀድሞ ያገኛል። ሕዝቡ ተራ ይጠብቃል።

በመጀመሪያ የእህትህን ጭፈራ እንዳትንቅባት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሥራ ሐዋሳ ተልኬ አንድ ቢሮ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የመጡት ከቴፒ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። እቅፋቸው ላይ ፌስታል አለ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ የብስኩት ካርቶን ቅዳጅ በሁለት በኩል ተደርጎ መሃሉ ላይ ወረቀቶቻቸው አሉ። እንዳይታጠፉባቸው ነው። የፈለጉት አንድ ፊርማ ነበር። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ ተባሉ። ቀኑ ሐሙስ ነው። እኔም ጉዳዬ ስላላለቀ ሰኞ እዚያው አገኘኋቸው። ሰውየው ቆሞ፣ ቁጭ እንኳ ሳይል ፈረመላቸው። ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን፣ ምግቡን ኮሪደሩ ላይ አብረን ደመርነው። ከአንድ ወር ጡረታቸው በለጠ። «ምን ይደረግ፣ መንግሥት ሩቅ አገር ነው ያለው» አሉኝ። ሳይናደዱ ነው የተናገሩት። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

ስለዚህ መስከረም 20 ቀን 2014 የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮ፣ የምዕራብ ኦሞና የኮንታ ሕዝብ ስለ ደቡብ ምዕራብ ክልል መመሥረት ድምፅ ሊሰጥ ሲሰለፍ እኔ ቴሌቪዥን ላይ የምፈልገው ያንን ፌስታል ነበር። ለሸካ ሰው መቀመጫው ቦንጋ ሲሆንለት ነገሩ ስሜት ብቻ አይደለም። የአልጋ ኪራይ ነው፣ የአውቶቡስ ቲኬት ነው፣ ሳይታረስ የዋለ ማሳ ነው።

ክብርም አለበት። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ሲሰጥ ከ98 በመቶ በላይ ክልል እንሁን አለ። ያን ያህል ሰው ስለ ድጎማ ቀመር አስቦ አይሰለፍም። በቋንቋው መዳኘትን፣ የራሱ ሰው ፊት መቆምን ነው ያሰበው። ይህ ድምፅ ዘግይቶ መምጣቱንም አትርሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ ያስቀመጠው መንገድ ሲነበብ ቀላል ነው። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፤ ክልሉ በ1 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ አብላጫው ከደገፈ ሥልጣኑን ያስረክባል። የሲዳማ ዓመት ሞልቶ ድምፁ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሰሞን ብዙ ሰው ሞተ። ቀጠሮ ያሳለፈ መሥሪያ ቤት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ደመወዙ እንምጣ። እዚህ ላይ እኔም ከጭፈራው እወጣለሁ።

ክልሎች በአብዛኛው የሚኖሩት ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ነው። ማከፋፈያውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጎረቤትህ ማለት ነው። ቀመሩ በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ይህ ክልል ምን ያህል ያስፈልገዋል፣ ራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል፣ የጎደለው ስንት ነው። ልብ በል፣ ቀመሩ የወንበር ቁጥር አይጠይቅም። አንዱ ደቡብ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ አራት ሲሆን ድጎማው አራት እጥፍ አልሆነም። የነበረው ድርሻ ነው የተቆራረሰው። እንጀራው ያው ነው። መሶቡ፣ ክዳኑና መሶብ ተሸካሚው ነው የበዛው።

ነገሩን በትንሹ አይቼዋለሁ። የምሠራበት ዞን ውስጥ አንድ ወረዳ ለሁለት ተከፈለ። መምህራኑ ያው ናቸው፣ ጤና ጣቢያዎቹ ያው ናቸው፣ ገበሬውም ያው ነው። አስተዳዳሪ ግን ሁለት ሆነ። ምክትል ሁለት፣ የፋይናንስ ኃላፊ ሁለት፣ የግብርና ኃላፊ ሁለት፣ ጸሐፊና ሹፌርም እንደዚያው። የንብረት ክፍፍል ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም ገባሁበት። ወንበር ቆጠርን፣ ፋይል ካቢኔት ቆጠርን፣ በአንድ ሞተር ብስክሌት ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ነባሩ ወረዳ ወሰደ። «ቢያንስ ቶነሩ ለእኛ ይሁን» ያለው የአዲሱ ወረዳ ተወካይ ነው፤ ቶነሩ ለእሱ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርሜበታለሁ። ሁለቱም ወረዳዎች ያን ዓመት ኮፒ የሚያደርጉት ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ሱቅ ነበር፣ በክፍያ።

የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ይህን በጀት የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከደመወዝ የሚተርፈው ለቾክ፣ ለነዳጅ፣ ለጓንትና ለፋሻ ነው። አዲስ መዋቅር ሲመጣ መጀመሪያ የሚበላው ይህችን ትራፊ ነው። ትራፊዋ ስታልቅ ወደ ደመወዙ ይሻገራል። እህትህ ጋ የደረሰው ይሄ ሊሆን ይችላል።

ግን ሁሉንም በመከፈሉ ላይ አላላክክም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። ደመወዝ የሚያዘገይ ሌላ ነገርም አለ፤ የማዳበሪያ ዕዳ። ገበሬው ማዳበሪያ በዱቤ ሲወስድ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው የክልሉ በጀት ነው። ገበሬው ሳይከፍል ከቀረ ባንኩ ገንዘቡን ከበጀቱ ያስቆርጣል። የተቆረጠው ብር የማነው ካልከኝ የነርስና የመምህር ነው። ክልል ሲከፈል ዕዳውም አብሮ ይከፈላል። ድል ባለ ድግስ ላይ ግን ይህን የሚያነሳ ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር።

ሌላው ወጪ የመቀመጫው ነገር ነው። ደቡብ ምዕራብ ቢሮዎቹን ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ አካፈለ። በነሐሴ 2015 የተመሠረተው ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ ለስድስት ከተሞች፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላ፣ ካራት። ፖለቲካው ይገባኛል። አንድ ከተማ ብቻ ቢመረጥ አምስቱ ያኮርፋሉ። ኩርፊያ እንዳይመጣ በነዳጅና በውሎ አበል ተከፈለ። እንደ ሰላም ዋጋ ካየኸው ርካሽ ነው ሊባል ይችላል። ባለ ጉዳዩ ግን ፋይሉ ሶዶ፣ ውሳኔው ሌላ ከተማ የሆነ ዕለት ፌስታሉን ይዞ እንደገና መንገድ ይጀምራል።

ደግሞ የጠየቀ ሁሉ የጠየቀውን አላገኘም። ወላይታም ጉራጌም ለየብቻቸው ክልል እንሁን ብለው በየምክር ቤታቸው ወስነው ነበር። የመጣላቸው ከሌሎች ጋር በአንድ የሚያደራጅ ክላስተር ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ክላስተሩን በ2014 መጨረሻ ድምፅ ሰጥቶ አልተቀበለውም። ዞኑ ግን ዛሬ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጥያቄው አላለቀም ማለት ነው። የትም አገር እንደዚሁ ነው። ናይጄሪያ በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 12 ግዛት ነበራት፤ በ1996 ደግሞ 36 ደረሱ። እዚያ ከነዳጅ ገንዘቡ ለግዛቶች የሚከፋፈለው አንዱ ትልቅ ክፍል በእኩል ይታደላል። ስለዚህ የተከፈለ ሁሉ ተጨማሪ እጅ ያገኛል፤ ጥያቄውም አያባራም። የእኛ ቀመር ቢያንስ ይህን ሽልማት አይሰጥም። በዚህ በኩል ምስኪኑን ቀመር አመሰግነዋለሁ።

እህትህ ምን ታድርግ? ክልሉ ይፍረስ ብላ አትድከም፤ አይፈርስም፣ ባይፈርስም ይሻላል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ስብሰባው ላይ ሦስት ሰው ሆነው ይግቡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ከደመወዝ የተረፈው ስንት ነው፣ ስንቱ ለጤና ጣቢያ፣ ስንቱ ለቢሮ ዕቃና ለአበል? እኔ በጀት ሳቀርብ ከጭብጨባውም ከተቃውሞውም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ጥያቄ ነበር። አንዴ አንዲት አዋላጅ ጠይቃኝ አልቦኛል። በሚቀጥለው ዓመት የመጋረጃውን መስመር ራሴ ሰረዝኩት። በቁጥር መልስ የማይሰጥ ሰው ካጋጠማት ንገረኝ፤ እንጻጻፋለን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ 79 ዓመቴ ነው። ያደግኩት ለገሃር ነው። በጃንሆይ ጊዜ 14 ጠቅላይ ግዛት ነበረን፤ ማንም ክልል ስጡኝ ሲል አልሰማሁም። ለምን ወደዚያ አንመለስም?
ከለገሃር

መልስ፦ አባባ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። 14ቱን እርስዎ በቃልዎ ይዘልቋቸዋል፤ እኔ ከኢሉባቦር በኋላ ይጠፋብኛል። ግን ማንም አልጠየቀም ሲሉኝ፣ የሚጠየቅበት ቦታ የት ነበር? ገዢው የሚሾመው ከዚህ ከአዲስ አበባ ነው። ሕዝቡ ገዢውን የሚያየው ሲገባና ሲወጣ ነው።

ደግሞ 14 ቁጥሩ ራሱ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ደርግ መጀመሪያ ስሙን ክፍለ ሀገር አለው። በ1980 መጀመሪያ፣ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በታወጀ ሰሞን ደግሞ 24 የአስተዳደር አካባቢና 5 ራስ ገዝ አደረገው። የሽግግሩ መንግሥት በ1984 እንደገና 14 ክልል አለ፤ በሌላ መስመር ይሁን እንጂ። በ1987 ሕገ መንግሥት 9 ሆኑ። አሁን 12 ናቸው። የሚገርምዎትን ልንገርዎት፦ ያኔ ከ7 እስከ 11 የተባሉት አምስት ክልሎች ናቸው ተጣምረው ደቡብ የሆኑት። እኔ ሥራ ስጀምር የአምስቱን መዝገብ ወደ አንድ ስንገለብጥ ነበር። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ልጆቹ ደግሞ አንዱን ወደ አራት ይገለብጣሉ። ባለሙያው አንዴም ሳያርፍ ዘመኑ አለፈ።

እኔንም የሚናፍቀኝ አንድ ነገር አለ፤ አውራጃ። ብዙ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ደርሶ የሚመለስበት ርቀት ነበር። የድሮውን ካነሱ አይቀር አውራጃን ያንሱልኝ፤ እፈርምልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ክልል ምናምን አያገባኝም። የእኔ ችግር ወረዳ ነው። ድሮ ቀበሌ ነበርን፣ ከዚያ ቁጥሩ ተቀየረ፣ ከዚያ ወረዳ ሆንን፣ ከዚያ ከጎረቤት ጋር ተደባለቅን። የእናቴን ቤት ፋይል አንዱ መሥሪያ ቤት «ወደዚያ ተልኳል» ይላል፣ ሌላው «አልደረሰንም» ይላል። ስመላለስ አራት ወር ሆነኝ።
ከአምባሳደር ጀርባ

መልስ፦ እህቴ፣ ያገባሻል። የአንቺም ችግር ያው የክልሉ ነው፣ በትንሹ። ከተማችን ለዓመታት 10 ክፍለ ከተማ ነበራት። ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ሲመጣ 11 ሆኑ። ዳር ላይ ላለው አዲስ ሰፈር ጠቀመ፤ ጎሮና ሰሚት ያለ ሰው መገናኛ ድረስ ተሻምቶ ታክሲ ከሚይዝ ቅርቡ ቢጨርስ ይሻለዋል። ግን መስመር በተሰመረ ቁጥር ፋይል ይጓዛል። ፋይል ሲጓዝ ደግሞ ይጠፋል። ወይም አይጠፋም፤ ካርቶን ውስጥ ሆኖ የሚከፍተው ያጣል። እኔ ያንን ካርቶን ስንት ጊዜ በገመድ አስሬ እንደላክሁት ብታውቂ አትወጂኝም።

ፒያሳ ማኅተም የሚቀርጽ አንድ ደንበኛዬ አለ። ሠፈሩ ፈርሶ ሲሠራ እሱም ሁለት ጊዜ ሱቅ ቀይሯል። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ገበያው ይደራል፤ ማኅተም፣ ቲተር፣ ታፔላ። ባለፈው ስሄድ ደብተሩን አሳየኝ። የቀረጸውን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ እዚያ ላይ ይመታበታል። ክብ ክብ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም፣ ገጽ በገጽ። ጣቱን እያስቀመጠ «ይሄ አሁን የለም፣ ይሄም የለም፣ ይሄ ስሙ ተቀየረ» ይለኛል። አንዱ ቀበሌ ሦስት ማኅተም አለው፣ በሦስት ዓይነት ቁጥር። ሕዝቡ ግን ያው አንድ ሠፈር ነው፤ ዕድሩም አልተቀየረም።

ወደ ፋይልሽ ስመለስ፦ «ተልኳል» ያለሽን መሥሪያ ቤት በቃል አትመኚው። የላከበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ጠይቂው፤ ወጪ መዝገብ ላይ አለ። ቁጥሩን ይዘሽ ሁለተኛው ጋ ገቢ መዝገብ አስከፍቺ። ካልተመዘገበ መንገድ ላይ ነው የቀረው ማለት ነው፣ ያኔ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ያመለከትሽበትን ኮፒ ላይም «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አስመቺበት። የቀበሌ ጊዜ የኪራይ ደረሰኞች፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የእናትሽ የድሮ መታወቂያ፣ አንዱንም እንዳትጥይ። ማኅተሙ የፈረሰ ቀበሌ ቢሆንም ያገለግላል። ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጊያቸው። አንዱን ቤት ተዪው፣ አንዱን ይዘሽ ሂጂ። ካርቶን ቅዳጅ በሁለት በኩል ብታደርጊበት አይታጠፍም።